ዱላ፣ ሰንሰለት ወይስ ቁራሽ? ወሎ ላይ ውሻውን በግቢው ለሚያለማምድ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ውሻዬ መቻል በሩን ገርበብ ብሎ ሲያገኘው አልቆየም፤ ተፈተለከ። ደሴ፣ ሆጤ ላይ ነን፤ ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ ባጃጁ ሽቅብና ቁልቁል የሚጋፋበት ሰዓት። «መቻል! ና!» ብዬ ጮህኩ። መስማቱንስ ሰምቶኛል፤ ዞር ብሎ አይቶኛል። ግን ጆሮውን አጥፎ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ከቶ የባሰ ራቀኝ። ከሳምንት በፊት ጫማ ሲያኝክ አግኝቼው በዚሁ ቃል ጠርቼው ነበር፤ እሺ ብሎ ሲመጣልኝ በነጠላ ጫማ መታሁት። ከዚያ ወዲህ እኔ «ና» ስል እሱ የሚሰማው «ና ልምታህ» የሚለውን ነው። ያን ማታ የጎረቤት ልጅ ዳቦ እያሳየ መልሶ አመጣልኝ።

አራት ዓመት አለፈ። መቻል ዛሬ ድመት እያሳደደም ቢሆን ሲጠራ ይመለሳል። በመሃል ብዙ ነገር ሞክሬ ብዙ ነገር ትቻለሁ። ደላንታ ያሉ ዘመዶቼ የእረኛ ውሻቸውን እንዴት እንደሚይዙም አብሬያቸው እየዋልኩ አይቻለሁ። ውሻ የሚያሰለጥን ባለሙያ መቅጠር ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም፤ ለመሠረታዊው ነገር የሚያስፈልግም አይመስለኝም። ማንም ሰው በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ከሰጠ ውሻውን «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ቆይ»፣ «ተው» እና «ቦታህ» የሚሉትን አምስት ቃላት ግቢው ውስጥ ማስተማር ይችላል። የሚለያየን መንገዱ ነው።

ዱላ ወይስ ቁራሽ

ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ሲያጠፋ ሲመታ እያየን ነው። ዱላ ፈጣን ነው፣ ወጪ የለውም፣ ጥፋቱም ለጊዜው ይቆማል። ይህን አልክድም፤ ሰው ዱላውን የማይተወውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ውሻው ከዱላው የሚማረው እኛ ያሰብነውን አለመሆኑ ነው። ውሻ ሥራውንና የሥራውን ውጤት የሚያገናኘው ሁለቱ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሲከታተሉ ነው። ጠዋት ያኘከውን ጫማ ማታ አንስቶ «ይኸው ያደረግከው!» እያሉ መምታት ለእሱ ትርጉም የለውም። አንገቱን ሲደፋና ዓይኑን ሲሰብር «ጥፋቱን አውቋል» እንላለን፤ እሱ ያወቀው ግን የእኛን ቁጣ ነው። ሰውየው ከቤት ሲወጣ ጫማው እንደገና ይታኘካል፤ ምክንያቱም ውሻው የተማረው ሰውየው ባለበት ማኘክ አደጋ መሆኑን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ማጉረምረምን መምታት ነው። ማጉረምረም የውሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «አትቅረበኝ፣ ፈርቻለሁ» ማለቱ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ውስጡ አለ። «ምንም ድምፅ ሳያሰማ ነከሰኝ» የሚባልለት ውሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደገ ነው። ደግሞ እኛ አገር ምርኩዝ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ፣ እንጨት ይዞ የሚሯሯጥ ሕፃን የሌለበት ሰፈር የለም። ክንድ በተነሳ ቁጥር መመታትን የለመደ ውሻ የማን ክንድ እንደሆነ አይለይም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም በቅጣት የሚሠለጥኑ ውሾች ላይ ፍርሃትና ቁጡነት ጠንክሮ እንደሚታይ ደጋግመው አሳይተዋል።

ወደ ቁራሹ እንምጣ። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ሲሉ ስለ ሰው ጠባይ ለመናገር ነው፤ ስለ ውሻው ያሉት ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ ከምግብ ጋር ተደጋግሞ የመጣ ድምፅ ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያመጣ አሳይቷል። «ና» የሚለው ቃልም እንዲህ ያለ ድምፅ ነው። ከኋላው ምን እየተከተለ እንደመጣ ውሻው አይረሳም፤ ቁራሽ ከሆነ ይሮጥልሃል፣ ነጠላ ጫማ ከሆነ የእኔን ማታ ታገኛለህ።

በቁራሹ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ «ምግብ ካልያዝክ አይታዘዝህም» የሚል ነው። ይህ የሚደርሰው ቁራሹን አስቀድሞ በሚያሳይ ሰው ላይ ነው። ቁራሹን እያሳዩ መጥራት ማባበል ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ ያን ማታ ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ለአንድ ቀን ያገለግላል። ማስተማር ግን ቃሉ ይቀድማል፣ ውሻው ይሠራል፣ ቁራሹ ከኪስ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉን በደንብ ካወቀው ደግሞ ሁልጊዜ መስጠት አያስፈልግም፤ አንዴ ቁራሽ፣ አንዴ «ጎሽ!»፣ አንዴ በር ከፍቶ ማስወጣት። መቼ እንደሚያገኝ ስለማያውቅ ይበልጥ ይተጋል።

ቁራሹም ድክመት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዝጋሚ ናቸው። የጠገበ ውሻ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ልምምዱ ከራቱ በፊት ይሁን። ጥይት ወይም ነጎድጓድ ያስደነገጠው ውሻም አይበላም፤ ያን ጊዜ ማስተማሩን ትቶ ማረጋጋት ነው።

«መጀመሪያ አለቃው ማን እንደሆነ አሳየው» የሚሉም አሉ። ይህ አስተሳሰብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ከታተመ፣ በአጥር ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ተኩላዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ የነበሩት ተመራማሪ ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1999 ራሳቸው አርመውታል፤ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ እንጂ ለአለቅነት የሚፋለም ጭፍራ አይደለም። ውሻን በጀርባው ገልብጦ መጫን፣ አፉን ጨምቆ መያዝ ከዚያ ስህተት የተወለዱ ልማዶች ናቸው። ሰው የሚነከስባቸው ልማዶችም ናቸው።

እና የእኔ ምርጫ ያለ ማመንታት ቁራሹ ነው። «ታዲያ ሲያጠፋስ?» ለሚል ሰው፦ ሰው ላይ ሲዘል ጀርባ መስጠት፤ እየተጫወተ እጅ ሲነክስ ጨዋታውን አቁሞ መነሳት፤ ጫማ ሲያኝክ ጫማውን ከፍ አድርጎ አስቀምጦ የሚያኝከው ሌላ ነገር መስጠት። የሚፈልገው ነገር በጥፋቱ እንደማይገኝ ካየ ይተወዋል።

ከእጅ ወይስ ከመሬት

ወሎ ላይ ከቁራሹ ጋር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ የውጭ አገር መመሪያዎች ስለማያውቁት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ብዙ ቤት የሙስሊም ቤት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አስተምህሮ) የውሻ ለሃጭም እርጥብ ገላውም ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር፣ ይታጠባል። በሐነፊይ ነጃሳው ለሃጩ ነው። ሁለቱም መዝሀብ እኛ ዘንድ አለ። ለሶላት የሚነሳ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ውሻ ከእጁ እያጎረሰ ያስተምር ማለት ከባድ ነው። አንድ ጎረቤቴ አባት በዚህ ምክንያት ነበር የግቢያቸውን ውሻ ሳያስተምሩ በሰንሰለት ያኖሩት።

መወርወር ግን ይቻላል፤ አንዳንዱን ነገር ለማስተማር ከእጅ ይበልጣል። ደረቅ ዳቦ በትንሽ በትንሹ ቆርሶ ክዳን ባለው ቆርቆሮ መያዝ፣ ውሻው የታዘዘውን እንደሠራ «ጎሽ!» ብሎ ወዲያው እግሩ ስር መጣል። ቃሏ ሰከንዷን ትይዛለች፤ ቁራሹ ትንሽ ቢዘገይ እንኳ ውሻው ለየትኛው ሥራ እንደተሸለመ ያውቃል። ውጭ አገር ለዚሁ የሚሸጥ ጠቅ የሚል ትንሽ መሣሪያ አለ። ሰዓቱን በመያዝ ጎበዝ ነው፣ ድምፁም አይለዋወጥም። ግን አንድ እጅ ይይዛል፣ ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። «ጎሽ» ሁልጊዜ አፍ ላይ ስላለች እኔ እሷን መርጫለሁ።

ሁለቱን ሞክሬ ያየሁት ልዩነት ይህ ነው። «ቁጭ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስተምሩ እጅ ይሻላል፤ ቁራሹን ከአፍንጫው በላይ ወደ ኋላ ሲወስዱት ውሻው ቀና ብሎ ሲከተል ቂጡ ራሱ መሬት ይነካል። እጅ እንዳይነካ የሚፈልግ ሰው ቁራሹን ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ላይ አድርጎ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። «ቦታህ»ን ሲያስተምሩ ግን መወርወሩ ይበልጣል፤ ማዳበሪያው ወይም ምንጣፉ ላይ የሚወድቀው ቁራሽ ቦታውን ራሱን ይሸልመዋል፣ ውሻው ሰውየውን ሳይሆን ቦታውን ይወዳል። ሌላም ያላሰብኩት ጥቅም አገኘሁበት። ሁልጊዜ ከመሬት የበላ ውሻ ሰው ላይ አይንጠላጠልም፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ስለሌለ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ለጁምዓ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኚሁ አባት ይህን ሳጫውታቸው «ማስተማሩን ሃይማኖቱም አይጠላውም» አሉኝ፤ በቁርኣን፣ በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ ሰዎች አላህ ካሳወቃቸው ነገር ለአደን ስለሚያስተምሯቸው እንስሳት የተነገረውን አነሱልኝ። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ እንደሚፈቀድም ነገሩኝ። ቀጥለው የዋሻውን ባልደረቦች ውሻ አስታወሱ፤ በሱረቱል ከህፍ የፊት እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ዘርግቶ የተኛውን። «እንግዲህ ‹ቦታህ› የምትለው እሱ ነው» አሉ። ዛሬ ውሻቸው ሰው ሲመጣ በሩ አጠገብ ጆንያው ላይ ሄዶ ይጋደማል፤ ያስተማሩት አንዴም ሳይነኩት ነው።

ቁራሹ ምን ይሁን

መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው፤ ውሻው የሚደሰተው በብዛቱ አይደለም። ግቢ ውስጥ፣ ሌላ ነገር በሌለበት ደረቅ ዳቦ ይበቃል። መንገድ ላይ፣ ባጃጅና ሌላ ውሻ ባለበት ግን ዳቦ አይወዳደርም፤ እዚያ የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ ያስፈልጋል። እኔ በሳምንት አንዴ ቀቅዬ፣ ቆራርጬ፣ አድርቄ አስቀምጣለሁ። በጾም ወራት ሥጋ ለማይገባበት ቤት የተቀቀለ ድንች ወይም ያለ ጨው የተቀቀለ ሽምብራ ያገለግላል፤ ሐይቅ አካባቢ ያለ ሰው እሾሁ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ ቢጠቀም ውሻው በጣም ይወደዋል። እንጀራ ይበላል፤ ግን እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሲወረወርም አይሄድም።

መቀቀሉ ላይ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። በአረፋና በፋሲካ በየግቢው ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ያለበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል። ያ ፊኛ የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጅና በአትክልት አድርጎ ወደ ሰው ይገባል፤ ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ደግሞ ያው ፊኛ ይበቅላል። ፊኛ ያለበትን አካል መቅበር ወይም ማቃጠል፤ ደህናውንም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አፍልቶ መስጠት።

ወጥ አይሰጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። የዶሮ አጥንት ሲበስል እንደ ስንጥር ስለሚሰነጠቅ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትም መርዝ ነው።

ሰንሰለት፣ ገመድ ወይስ ልቅ

በዚህ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚውል ውሻ የሚማረው ነገር የለም። ሰው ሲያልፍ ይጮሃል፣ ሰውየው መንገደኛ ነውና ያልፋል፣ ውሻው ግን «ጮኼ አባረርኩት» ብሎ ይይዘዋል። በቀን ሃምሳ ጊዜ ይህንን የተማረ ውሻ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ነው። ለሌሊቱም ሰንሰለት አደጋ ነው። ደሴ ዳር ላይ፣ ኩታበር መንገድ፣ ገጠሩንማ ተዉት፣ ጅብ በሌሊት ይዞራል። ልቅ የሆነ ውሻ ይሸሻል ወይም ጮኾ ሰው ይቀሰቅሳል፤ የታሰረው መድረሻ የለውም። ታስሮ የተበላ ውሻ ያላየ የገጠር ሰው ጥቂት ነው።

ልቅ መልቀቅ ደግሞ አጥር ለሌለው ሰው መልስ አይሆንም። ውሻው ሠፈር ይዞራል፣ ይነክሳል፣ ይነከሳል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል፤ መጥራቱን ለማስተማርም አይመችም፣ ምክንያቱም «ና» ሲባል ሳይመጣ ቢቀር ምንም አይደርስበትም፣ ያልመጣባትን እያንዳንዷን ጊዜ እየተለማመዳት ነው።

መሃከለኛው ረጅም ገመድ ነው። አሥር ሜትር ያህል፣ የጣት ውፍረት ያለው፣ ከገበያ የሚገዛ ተራ ገመድ ይበቃል። ዓላማው መጎተት አይደለም፤ ውሻው ሲጠራ የመቅረት ምርጫ እንዳይኖረው ነው። ገመዱ አንገት ላይ ከሚታሰር ደረት ላይ በሚያልፍ ማሰሪያ ቢያያዝ ይሻላል፤ ሮጦ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚደርስበት ድንገተኛ ጉተታ አንገቱን ይጎዳል። በጎተተ ቁጥር እያነቀ የሚጠብቀውን የብረት ማሰሪያ በምንም ምክንያት አልመክርም። የአንገት ቀበቶ ከሆነ ሁለት ጣት ከስሩ እንዲገባ ተደርጎ ይታሰር። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም አይገባም፤ ጠንካራ ውሻ ሲፈተለክ ጣት ይሰብራል። ያለ ሰው ደግሞ ውሻውን በረጅም ገመድ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ እግሩ ይጠላለፋል።

አጥር ለሌለውና የግድ ማሰር ላለበት ሰው በሁለት ምሰሶ መሃል ሽቦ ወጥሮ ማሰሪያው ላዩ ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ከአጭር ሰንሰለት በብዙ ይሻላል። ለቀን ብቻ ይሁን፤ ሲመሽ በር ያለው ቦታ ይግባ።

«ና» የሚለውን ቃል ማዳን

ከአምስቱ ቃላት አንዱን ብቻ አስተምር ብባል «ና»ን ነው የምመርጠው፤ የውሻውን ነፍስ የሚያተርፈው እሱ ነው። እኔ ቃሉን ስላበላሸሁት አዲስ ቃል መፈለግ ነበረብኝ። ልጆች ውሻ ሲጠሩ የሚሉትን «ኩቲ ኩቲ» ወሰድኩ፤ መቻል በእሱ ተመትቶ አያውቅምና። የእናንተ ውሻ «ና» ሲባል የሚደበቅ ከሆነ ቃሉን ለማደስ ከመታገል ሌላ ቃል መጀመር ያዋጣል።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፦ ቃሉን አንዴ ብቻ መጥራት፣ ሲመጣ «ጎሽ!»፣ ቁራሽ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ርቀቱን መጨመር። ከዚያ በረጅሙ ገመድ ወደ ውጭ መውጣት፣ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ላለ ሰው ማለዳው ለሙቀቱም ያስፈልጋል፤ ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፣ እኩለ ቀን ላይ ማሠራት ይጎዳዋል። ጠርተው ካልመጣ ቃሉን አሥር ጊዜ መደጋገም ቃሉን ይገድለዋል፤ ገመዱን በቀስታ እየሰበሰቡ ወደ ኋላ መራመድ፣ ሲደርስ እንደ በጎ ፈቃዱ ቆጥሮ መሸለም።

አሁን ዋናው፦ ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ ውሻው ቁራሹን በልቶ ወደ ጨዋታው የሚመለስበት ይሁን። ብዙ ሰው ውሻውን የሚጠራው ሊያስረው፣ ሊያስገባው፣ ሊያጥበው ሲል ብቻ ነው፤ ውሻው ጥሪው የደስታው ማብቂያ መሆኑን በሁለት ቀን ያውቃል። ሊታጠብ ወይም መርፌ ሊወጋ ከሆነ አትጥሩት፤ ሄዳችሁ አምጡት።

ቡችላ ወይስ ያደገ

ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ አራተኛ ሳምንቱ ድረስ ያየውን ነገር እንደ ዘመድ ይቀበላል። በዚያ ጊዜ ባጃጅ፣ ዣንጥላ፣ የሚሮጥ ልጅ፣ ከበሮ፣ አዛን የለመደ ቡችላ ሲያድግ በእነዚህ አይደነግጥም። ወሎ ላይ የማየው ስህተት ቡችላውን ገና በወሩ ከእናቱ መውሰድ ነው፤ ስምንት ሳምንት ይቆይ፣ የንክሻን ልክ የሚያስተምሩት እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያም በየዓመቱ። ከተነከሱ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ለማለት ይቻላል።

ያደገ ውሻ አይገራም የሚባለው ልክ አይደለም። እንዲያውም አንድ ነገር ላይ ከቡችላ ረዘም ላለ ጊዜ ያተኩራል። የሚከብደው የቀድሞ ፍርሃቱ ነው፤ ያ ወራት ይወስዳል። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ታሪኩ የማይታወቅ ያደገ ውሻ አልመክርም፤ ለግቢ ጥበቃና ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ረጋ ያለ ያደገ ውሻ ከቡችላ ይቀላል።

ማን ያስተምር፣ በየትኛው ቃል

አንድ ሰው ቢጀምረው ፈጥኖ ይይዛል፤ ግን ውሻው ለእሱ ብቻ የሚታዘዝ ይሆናል። ቤተሰቡ ሁሉ ከሆነ ደግሞ አባት «ቁጭ በል»፣ ልጅ «ሲት»፣ እናት «ኧረ ተቀመጥ» ይሉታል፤ ለውሻው ሦስት የተለያየ ድምፅ ነው። የሠራልኝ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉም በተመሳሳይ ቃል። ቃላቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ኩሽና በር ላይ ለጥፌው ነበር። ቋንቋው ምንም ለውጥ የለውም፤ «ቁጭ» ከ«ሲት» የሚያንስ ነገር የለውም። ዋናው አጭርና ከሌላው የማይመሳሰል መሆኑ ነው። «ተው»ን ለማስተማር «ክላ!»ን አትጠቀሙ፤ ውሻችን ከማንም መንገደኛ በድንጋይ ታጅቦ የሚሰማው ቃል ነው። ለጎረቤት መልእክት እንዲሆን ረጅም ስም የሚያወጡም አሉ፤ ልማዱ ያምራል፣ ለመጥሪያ ግን ሁለት ሦስት ፊደል ያለው ቁራጭ ስም ይጨመርለት።

ከከብት ጋር የሚውል ውሻ

ገጠር ላለው ውሻ «ቁጭ» ብዙም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ተኩላና ጅብ ሲመጣ መጮህ፣ ጭላዳ ከገብስ ሲገባ ማባረር፣ ሲጠራ ደግሞ መመለስ ነው። «ያዘው!» ሁሉም ያስተምራል፤ «ተው»ን የሚያስተምር ጥቂት ነው። ሁለቱ ግን አብረው ነው መሄድ ያለባቸው። ማቆሚያ የሌለው ውሻ አንድ ቀን የጎረቤትን በግ ይዞ ይገኛል።

ወሎ ላይ ለዚህ ተጨማሪ ምክንያት አለን። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ቁጥሩም 500 ገደማ ነው። ከቀሩት ጥቂቶቹ በደላንታ፣ በአቡነ ዮሴፍ እና በቦረና ሳይንት ከፍታዎች ላይ ከእኛ ከብት ጋር በአንድ ጓሳ ይውላሉ። ባሌ ተራራ ላይ ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ክትባት የወሰደና ሲጠራ የሚመለስ ውሻ ለባለቤቱም ለቀበሮውም ይበጃል።

ደላንታ የዘመዶቼ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ያደርገዋል። ጠዋት ሲወጣ የዳቦ ቅርፊት በኪሱ ይይዛል። ከብቶቹ ሲሰማሩ ውሻውን ይጠራዋል፣ ቅርፊት ይጥልለታል፣ «ሂድ» ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠራዋል። አንድ ከሰዓት ቀይ ቀበሮ ከጓሳው ብቅ ብላ ውሻው ሽቅብ ሲነሳባት አይቻለሁ። ልጁ ካለበት ድንጋይ ሳይነሳ አንዴ አፏጨ። ውሻው ቆመ፣ ቀበሮዋን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ እየሮጠ ወደ ቅርፊቱ ተመለሰ።